ሞፈር ከቤት፣ ማረሻ ከቀጥቃጭ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነገር አለ፦ አፕል ከቺፕ አምራቹ ኢንቴል መግዛት እየቻለ ለምን የራሱን ቺፕ ይሠራል? ሌሎቹ ስልክ ሻጮችስ ለምን አይሠሩም?

የወገራና የዳባት ገበሬ ይህን ሒሳብ ድሮ ጨርሶታል። ሞፈሩን፣ ድግሩን፣ እርፉንና ቀንበሩን ራሱ ይጠርባል። ማረሻውንና ወገሉን ግን ለቀጥቃጭ ይተዋል። ወናፍ ተክሎ፣ መስፍ ገዝቶ፣ ከሰል አክስሎ በዓመት አንድ ማረሻ ቢያወጣ ያቺ ማረሻ በሬ ታሸጣለች። ቀጥቃጩ ዘንድ የአገሩ ገበሬ ሁሉ ስለሚመጣ ወጪው ለብዙ ማረሻ ይከፋፈላል።

ቺፕም እንዲሁ ነው፤ ዲዛይኑ ብቻ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ለምሳሌ 500 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ እንበል። 1 ሚሊዮን ስልክ የሚሸጥ ኩባንያ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ 500 ዶላር ሊጭን ነው፤ አለቀለት። በዓመት ከ200 ሚሊዮን በላይ አይፎን የሚሸጠው አፕል ላይ ግን ለአንዱ ስልክ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንኳ አይደርስም። ኢንቴል ደግሞ በደጉ ዘመኑ ከ100 ዶላር ሽያጭ 60 ያህሉ ከማምረቻ ወጪው በላይ ይቀርለት ነበር። ያንን የሚከፍለው ገዢው ነው። በዚያ ላይ የኢንቴል አዲስ ቺፕ በዘገየ ቁጥር የአፕል ማክ ኮምፒውተርም አብሮ ይዘገይ ነበር። አፕል በ2000 ዓ.ም. ፒ.ኤ. ሴሚ የተባለውን የዲዛይን ድርጅት ገዝቶ ሲለማመድ ቆየና በኅዳር 2013 ዓ.ም. ኤም1 የተባለውን የማክ ቺፕ አወጣ።

ይሁንና አፕል የቺፕ ፋብሪካ የለውም። ነድፎ ይሰጣል፣ የሚያመርትለት የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ነው። ንድፉም ቢሆን በገንዘብ ብቻ አይመጣም። የኢንቴልን የሞደም (ስልኩን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ቺፕ) ክፍል በ1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ በ2011 ዓ.ም. ተዋውሎ የራሱ ሞደም ስልክ ላይ የገባው በ2017 ዓ.ም. ነው።

አንድ የስልክ ጥገና ቤት ጎራ በሉና ክዳኑ የተነሣለት ቦርድ አሳዩኝ በሉ። አይፎኑ ቺፕ ላይ የተገመጠችዋን ፖም ታያላችሁ። ቴክኖው ላይ ሚዲያቴክ ወይም ዩኒሶክ የሚል ታነባላችሁ። ቴክኖ ሰንፎ አይደለም። ሁለቱ ሻጮች እሱን ለመያዝ ሲሻሙ ዋጋው ይወርድለታል፤ ምን በወጣው ወናፍ ይተክላል? አፕል የራሱን በመሥራቱ ግን ጣጣው የሚተርፈው ለጠጋኙ ነው። የአፕልን ቺፕ ከገበያ አያገኘውም፣ ከሞተ አይፎን ቦርድ በሙቀት መንቀል አለበት።

እኛም አገር «ሁሉንም በራሳችን» ተሞክሯል። ሜቴክ (የመንግሥት የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን) በ2002 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ትራክተሩም፣ አውቶቡሱም፣ ስኳር ፋብሪካውም፣ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራም በእጁ ገባ። ብዙዎች ጥፋቱን «ራሳችን እንሥራ» ማለቱ ላይ ያደርጉታል። እኔ አልስማማም። የአገር ውስጥ አቅም ሳይገነቡ ለዘላለም ገዝቶ መኖርም ዋጋ አለው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ትእዛዙ ያለ ውድድር መጣለት፣ አንዱን ነገር ደጋግሞ ሠርቶ ሳይካንበት ሌላው ተጨመረለት፣ ሲያዘገይም «እንግዲያው ከሌላ እገዛለሁ» የሚለው ደንበኛ አልነበረም። የግድቡን የመጀመሪያዎቹን ተርባይኖች እንኳ ሜቴክ ራሱ ያዘዘው ከፈረንሳዩ አልስቶም ነው። ስለዚህ በራስ መሥራት የተባለው ብዙው መሐል ቆሞ መግዛት ነበር፤ ይህ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፤ የሻጩንም ትርፍ ትከፍላለህ፣ የመሐለኛውንም መዘግየት ትሸከማለህ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ከሜቴክ ተነጠቀ፤ በኋላም ለውጭ ኩባንያዎች ተሰጠ። የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።