ድርብርብ መልቲፌሮይክ ስስ ሽፋን

ድርብርብ መልቲፌሮይክ ስስ ሽፋን ማለት የፌሮኤሌክትሪክንና የማግኔትን ጠባይ አንድ ላይ የያዘ፣ በላይ በላዩ ከተነባበሩ ንጣፎች የተሠራ በጣም ቀጭን ቁስ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ናኖሜትር እስከ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። «መልቲፌሮይክ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ሃንስ ሽሚድ ነው። ከእነዚህ ቁሶች የሚጠበቀው ዋና ጥቅም ማግኔትን በኤሌክትሪክ ጅረት ሳይሆን በቮልቴጅ መገልበጥ ነው።

ሁለቱ ጠባዮች

በፌሮኤሌክትሪክ ክሪስታል ውስጥ የአወንታዊና የአሉታዊ ቻርጆች ማዕከል አይገጣጠሙም። ስለዚህ የክሪስታሉ አንዱ ወገን አወንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ይሆናል። ይህ አቅጣጫ ከውጭ በሚመጣ የኤሌክትሪክ መስክ ይገለበጣል፤ መስኩ ሲጠፋም እንደተገለበጠ ይቀራል። ባሪየም ታይታኔት የታወቀ ምሳሌ ነው።

በፌሮማግኔት ደግሞ ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች እያንዳንዱን አቶም ትንሽ ማግኔት ያደርጉታል። እነዚህ ትንንሽ ማግኔቶች ባንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ቁሱ በሙሉ ማግኔት ይሆናል።

«ፌሮ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ብረት ነው። ሆኖም ፌሮኤሌክትሪክ ለመሆን ብረት አያስፈልግም፤ ስሙ የተሰጠው ጠባዩ ፌሮማግኔትን ስለሚመስል ነው።

አብረው የማይገኙበት ምክንያት

ሁለቱን ጠባዮች ባንድነት የያዙ ቁሶች ጥቂት የሆኑበትን ምክንያት ኒኮላ ስፓልዲን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጽሑፍ አብራርታለች። በባሪየም ታይታኔት ውስጥ የታይታኒየም አቶም ከመሃል ወደ ኦክስጅን ጠጋ የሚለው «ዲ» የተባለው የኤሌክትሮን ምህዋሩ ባዶ ስለሆነ ነው። ማግኔትነት ግን በዚያው ምህዋር ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንዲኖሩ ይፈልጋል። አንድ አቶም ሁለቱንም ሥራ ባንዴ መሥራት ስለሚቸግረው፣ አንዱ መፍትሔ ሥራውን ለተለያዩ ንጣፎች ማከፋፈል ነው።

የድርብርብ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት ክሪስታሉ ራሱ በንጣፍ የተዋቀረበት ነው። በስዊድናዊው ኬሚስት ቤንግት አውሪቪልዩስ ስም የሚጠሩት ውህዶች የቢስሙትና የኦክስጅን ንጣፎችን ከሌሎች ኦክሳይድ ንጣፎች ጋር እያፈራረቁ ይይዛሉ። በእነዚህ ውስጥ ከታይታኒየም ከፊሉ በብረት ሲተካ ማግኔታዊ አቶሞች ወደ ክሪስታሉ ይገባሉ።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ የፌሮኤሌክትሪክ ንጣፍ ከማግኔት ንጣፍ ጋር ይነባበራል። ቮልቴጅ ሲሰጠው ፌሮኤሌክትሪኩ ይለጠጣል ወይም ይኮማተራል፤ የተጣበቀውንም የማግኔት ንጣፍ አብሮ ስለሚጎትተው የማግኔቱ አቅጣጫ ሊለወጥ ይችላል። ሆኖም ሽፋኑ የሚያርፍበት ጠንካራ መሠረት እንቅስቃሴውን አንቆ ስለሚይዘው ውጤቱ ይዳከማል።

ቢስሙት ፌራይት እስከ 830 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ፌሮኤሌክትሪክ ነው። የማግኔት ሥርዓቱም እስከ 370 ዲግሪ ገደማ ይጸናል። ነገር ግን ጎረቤት አቶሞቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሰለፉ ማግኔትነታቸው ይጣፋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የኮባልትና የብረት ቅይጥ ንጣፍ በላዩ አኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናትም የዚህ ንጣፍ ማግኔትነት በክፍል ሙቀት በቮልቴጅ ሊገለበጥ እንደሚችል አሳዩ።

የልኬት ጥንቃቄ

ስስ ሽፋን በቀላሉ ያሳስታል። በሽፋኑ ውስጥ የሚያፈስ ጅረት የፌሮኤሌክትሪክን የሚመስል ጥምዝ ግራፍ ሊያወጣ ይችላል። በዓይን የማይታይ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣትም ሽፋኑን ማግኔት ሊያስመስለው ይችላል። አንድ ሽፋን መልቲፌሮይክ ነው ከመባሉ በፊት ሁለቱም ጠባዮች ከራሱ ከክሪስታሉ መምጣታቸው መረጋገጥ አለበት።

ጥቅም

ሁለቱ የማግኔት አቅጣጫዎች 0ን እና 1ን ሊወክሉ ስለሚችሉ፣ ማግኔት መረጃን ያለ ኃይል አቅርቦት ያቆያል። ነገር ግን አቅጣጫውን በጅረት መቀየር ኃይል ይፈጃል፤ ሙቀትም ይፈጥራል። በቮልቴጅ መቀየር ከተቻለ መብራት ሲጠፋ መረጃ የማይጠፋበት፣ ጥቂት ኃይል የሚበቃው የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ መሥራት ይቻላል።