ጉልበቷን የበጠሰው ሴትነቷ አይደለም

ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሰሞኑን አንድ ወሬ ከቡና ወደ ቡና ይዞራል። አንዲት ታዳጊ ኳስ ስትጫወት ማንም ሳይነካት ወደቀች፤ ጉልበቷ አበጠ፤ ሐኪሙም የጉልበትሽ ጅማት ተበጥሷል አላት። ይህ የሚያሳዝን ቢሆንም በስፖርት ሕክምና የተለመደ ጉዳት ነው። ያናደደኝ ወሬው እየዞረ የጨመረው ነው፦ «የሴት ልጅ አጥንት ስስ ነው፤ ጉልበቷ ኳስ አይችልም፤ ነገ መውለድም ያስቸግራታል።» ይህን ሰምተው ልጆቻቸውን ከልምምድ ያስቀሩ እናቶች አሉ።

የአጥንቱንና የመውለዱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። የተበጠሰው ጅማት እንጂ አጥንት አይደለም። የጉልበት ጅማት መበጠስ ማህፀንን አይነካም። በጉርምስና ዕድሜ መሮጥና መዝለል ደግሞ አጥንትን ያጠነክራል እንጂ አያሳሳም።

ዋናው ጉዳይ ጅማቱ ነው። ሐኪሞች ኤሲኤል የሚሉት ይህ ጅማት ከጭን አጥንት ወደ ቅልጥም አጥንት በሰያፍ ይወርዳል። ሥራው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠማዘዝ መያዝ ነው። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፦ ለመታጠፍና ለመዘርጋት የተመቸ፣ ወደ ጎን ሲጠመዘዝ ግን የሚጎዳ።

አንዲት ልጅ በሩጫ ላይ እያለች ድንገት አቅጣጫ ትቀይራለች፣ ወይም ዘላ በአንድ እግሯ ታርፋለች። እግሯ መሬት ላይ ተተክሏል። ጉልበቷ በደንብ አልታጠፈም። ደረቷ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። በዚህ ጊዜ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቅልጥሟም ይዞራል። የተቀረጹ ጉዳቶችን ምስል በምስል የመረመሩ ባለሙያዎች እንደሚሉት ጅማቱ የሚበጠሰው እግር መሬት ከነካ በኋላ በ40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው፤ የአንድ ሰከንድ 25ኛ እጅ ማለት ነው። አንጎል አደጋውን አውቆ ለጡንቻ ትእዛዝ ለመላክ ይህ ጊዜ አይበቃውም። ስለዚህ ጉልበትን የሚያድነው ከአደጋው በኋላ የሚመጣ ጥንቃቄ ሊሆን አይችልም። የቋንጃና የዳሌ ጡንቻዎች እግር መሬት ከመንካቱ በፊት ተወጥረው መጠበቅ አለባቸው። ይህን ሰውነት በልምምድ ይማረዋል። አብዛኛው የኤሲኤል ጉዳት ተጋጣሚ ሳይነካ የሚደርሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሴት ልጆች በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ ይህ ጉዳት በብዛት ይደርስባቸዋል፤ በተጫወቱበት ጊዜ ልክ ሲሰላ ከወንዶቹ 2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል። ይህን አልክድም። በጉርምስና የሁለቱም አጥንት በፍጥነት ይረዝማል፤ የወንዱ ጡንቻ ግን በሆርሞን ኃይል አብሮ ይደልባል። የሴቷ በዚያ ልክ ስለማይጨምር፣ ረጅሙን አካል መቆጣጠር የበለጠ ልምምድ ይጠይቃታል።

ሴትነት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ግን ጉዳቱ በሁሉም ስፖርት እኩል በታየ ነበር። በረዶ ላይ የሚጫወቱትን የአይስ ሆኪ ተጫዋቾች እንይ። እስከ 2004 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተሰበሰበው የአሜሪካ ኮሌጆች መረጃ፣ በሴቶች እግር ኳስ በ1 ሺህ የልምምድና የውድድር ተሳትፎ 0.28 የኤሲኤል ጉዳት ተመዝግቧል፤ በሴቶች አይስ ሆኪ ግን 0.03 ብቻ። የወንዶቹ አይስ ሆኪ 0.06 ነበር። የብረት ስለት ያለው ጫማ በረዶ ላይ ይንሸራተታል እንጂ እንደ ኳስ ጫማ መሬት ላይ አይተከልም፤ ስለዚህ ጉልበቱን የሚጠመዝዘው ኃይል ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

አይስ ሆኪ ስለ ሕግም ያስተምረናል። በ2010 የታተመ የካናዳ ጥናት የ11 እና የ12 ዓመት ልጆችን አነጻጽሯል። ተጋጣሚን በሰውነት መግጨት በተፈቀደበት በአልበርታ ጉዳቱ ካልተፈቀደበት ከኩቤክ ከ3 እጥፍ በላይ ነበር፤ የጭንቅላት መናወጥም እንዲሁ። ከ2013 ጀምሮ በዚያ ዕድሜ መግጨት በመላው ካናዳ ተከለከለ። ጨዋታውን የከለከለ ግን የለም። በሴቶች ሆኪ መግጨት ለረጅም ጊዜ ክልክል ሆኖ ቢቆይም የጭንቅላት መናወጥ አለ፤ ምክንያቱ የአንገት ጡንቻ ጥንካሬ ይሁን ወይስ ሴቶች ሕመማቸውን በግልጽ መናገራቸው ገና አከራካሪ ነው።

የእኔ ሙያ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ የሴቶች ጉልበት ለምን በብዛት እንደሚጎዳ እኛም አንስማማም። የወር አበባ ዑደት ጅማትን ያላላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ከጉዳት ጋር ያገናኙት ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። የዳሌ ስፋትም ማን እንደሚጎዳ በአስተማማኝ ሁኔታ አይተነብይም። በ2021 በካናዳና በእንግሊዝ ያሉ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ከሰውነት ወደ አካባቢ አዞሩት፦ ሴቷ ስንት ዓመቷ ላይ ልምምድ ጀመረች? የጥንካሬ ሥልጠና ተሰጣት ወይ? ሜዳዋ እንዴት ያለ ነው? እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ፤ ሆኖም የሰውነትን ድርሻ ዜሮ ማድረግ አይቻልም።

በመከላከሉ ላይ ግን ክርክሩ ያንሳል። በስዊድን ተካሂዶ በ2012 በታተመ ጥናት 4,564 ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ተሳትፈዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ15 ደቂቃ የጉልበት ቁጥጥር ልምምድ በሚሠሩት ቡድኖች የኤሲኤል ጉዳት በ64 በመቶ ቀንሷል። በጥናቱ በጠቅላላ የተቆጠረው የኤሲኤል ጉዳት 21 ስለነበር 64ቱን እንደ ቃል ኪዳን አትውሰዱት። ነገር ግን በ2008 በኖርዌይ ከ1,800 በላይ ሴት ታዳጊዎች የተሳተፉበት ጥናትም በተመሳሳይ ማሟሟቂያ አጠቃላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ልምምዱ መሣሪያ አይፈልግም፦ በአንድ እግር ጉልበትን አጥፎ መቆም፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ዘሎ በለስላሳው ማረፍ፣ ጉልበት ከእግር ጣት ጋር ቀጥ ብሎ እንዲወርድ መጠበቅ።

እዚህ ጅቡቲ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ልጆች ሜዳ የሚወጡት ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። ቀኑ ሳይመሽ ግጥሚያው እንዲጀመር ሲባል መጀመሪያ የሚዘለለው ማሟሟቂያው ነው። እናንተ አሠልጣኞች፣ እነዚያን 15 ደቂቃዎች ለሴቶቹም ለወንዶቹም አታስቀሩ። እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁን ከቡድኑ ከማውጣታችሁ በፊት አሠልጣኙን «ማሟሟቂያውን በሳምንት ስንት ቀን ታሠራቸዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደግሞ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የዚያኑ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ፤ ሐኪም ይየው።