ጊዜ ያለፈባቸውን መርዛማ ኬሚካሎች በደኅና ማስወገድ፦ ከፀረ ተባይ ክምችት እስከ እሳት ማጥፊያ አረፋ

ኬሚካልን ማስወገድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከዓይን ማራቅን ነው፤ መቅበርን፣ ማቃጠልን ወይም ወደ ወንዝ መድፋትን። ለአብዛኛው ቆሻሻ የቀረውን ሥራ ተፈጥሮ ራሷ ትሠራዋለች። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላት የቡና ልጣጭን ወደ ፍግ ይለውጡታል። በቀላሉ የማይበሰብሱ ኦርጋኒክ በካዮች ተብለው የሚታወቁት ኬሚካሎች ግን ለዚህ ሕግ አይገዙም። በአፈርና በውኃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፤ በምግብ ሰንሰለትም ከፍጡር ወደ ፍጡር እየተላለፉ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። እንዲህ ያለው ኬሚካል ተወገደ የሚባለው ሞለኪዩሉ ሲሰበር ብቻ ነው።

ከአሰንዳቦ የተገኘ ማስረጃ

ከእጅ የወጣ መርዝ መድረሻው የት እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው አሰንዳቦ፣ እንዲሁም በሰርቦና በጅማ ከተሞች የተሰበሰቡ የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት ናሙናዎች ተመርምረው ውጤቱ ኬሞስፌር በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በሁለቱም የወተት ዓይነቶች ዲዲቲ ተገኝቷል። በጥናቱ ግምት መሠረት ሕፃናት ከእናታቸው ወተት በየቀኑ የሚወስዱት ዲዲቲ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በአማካይ 62 ማይክሮ ግራም ያህል ነበር፤ ለንጽጽር የተወሰደው ዓለም አቀፍ ገደብ ግን 20 ማይክሮ ግራም ነው። ከተገኘው መጠን ከግማሽ የሚበልጠው ገና ያልተለወጠ ዲዲቲ ነበር። ዲዲቲ ከጊዜ ብዛት ወደ ዲዲኢ ስለሚለወጥ፣ ይህ ኬሚካሉ በቅርብ ጊዜ ጥቅም ላይ መዋሉን ያመለክታል።

ዲዲቲ በሀገራችን ለረጅም ዘመን የወባ ትንኝን ለመከላከል በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ የኖረ መድኃኒት ነው። ግኝቱ እናቶች ማጥባት ያቁሙ ማለት አይደለም፤ የጡት ወተት ጥቅም ከዚህ ስጋት ይበልጣልና። ትምህርቱ ለመጋዘን ጠባቂውና ለመንግሥት አካል ነው።

የኢትዮጵያ ክምችት ወዴት ሄደ?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በመላ ሀገሪቱ በየመጋዘኑ ተበትኖ የነበረው ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ወደ 3,000 ቶን ይገመት ነበር። በርሜሎቹ ዝገው ፈሳሹ ወደ አፈር የሚንጠባጠብባቸው ቦታዎች ነበሩ። ይህን ክምችት ለማስወገድ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ጋር በ2000 በተጀመረው ፕሮጀክት፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ 1,500 ቶን ተሰብስቦ በአዲስ በርሜል ከታሸገ በኋላ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተጓጓዘ፤ በዚያም ሪሂማኪ በምትባል ከተማ በሚገኘው የኤኮኬም ኩባንያ ምድጃ ተቃጠለ።

እሳት ሁሉ አንድ አይደለም

እዚሁ ጉድጓድ ቆፍሮ ማቃጠል አይቻልም ነበር ወይ? መልሱ በምድጃው ሙቀት ላይ ነው። የሜዳ እሳት ዝቅተኛና ያልተስተካከለ ሙቀት ስላለው ክሎሪን ያለበትን ኬሚካል በከፊል ብቻ ይሰብራል፤ ከስባሪውም ዳይኦክሲን የተባሉ እጅግ መርዛማ ውሁዶች ይፈጠራሉ። ለዚህ ሥራ የተሠራ ምድጃ ግን ጋዙን ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ቢያንስ ለ2 ሰከንድ ያቆየዋል። ከዚያም ዳይኦክሲን እንደገና እንዳይፈጠር ጋዙ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ የሚወጣውም አሲድ በኖራ ይመክናል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መርዙ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

አዲሱ ፈተና፦ የእሳት ማጥፊያ አረፋ

በአውሮፕላን ማረፊያዎችና በነዳጅ ዴፖዎች የሚነሣን የነዳጅ እሳት ለማጥፋት በዓለም ዙሪያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያገለገለው አረፋ ፍሎሪን የያዙ ኬሚካሎች አሉበት። ከእነዚህ መካከል ፒፎስ በ2009፣ ፒፎአ ደግሞ በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ2003 አጽድቃለች።

አረፋውን ማጥፋት ዲዲቲን ከማጥፋት ይከብዳል። የካርቦንና የክሎሪንን ትስስር ለመስበር በአንድ ሞል ወደ 330 ኪሎ ጁል ኃይል ሲያስፈልግ፣ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ግን ወደ 485 ኪሎ ጁል ይጠይቃል። በተጨማሪም የአረፋው ፈሳሽ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ማቃጠሉ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል፤ የሚወጣው የፍሎሪን አሲድም ምድጃውን ይበላል። አሜሪካ ውስጥ የመከላከያ ሚኒስቴሩ አረፋውን ማቃጠል በ2022 ለጊዜው ያቆመው ስብራቱ የተሟላ ስለመሆኑ ጥያቄ በመነሣቱ ነበር።

አንዱ አማራጭ ውኃን ከ374 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ221 ባር ግፊት በላይ ማድረስ ነው። በዚህ ሁኔታ ውኃ ፈሳሽም ጋዝም መሆኑ ይቀራል፤ ኦክስጅን ሲጨመርበትም ኬሚካሉን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና የፍሎራይድ ጨው ይለውጠዋል። በእጅጉ የተበረዘ ውኃ ሲሆን ደግሞ መርዙ አስቀድሞ በገባሪ ከሰል ይጣራል፤ ከሰሉም በተራው መወገድ አለበት።

ምን ይደረግ?

እንዲህ ያለው መሣሪያ በቅርብ እስኪገኝ ድረስ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከመጋዘን ነው። አረፋ ያለው ተቋም ሁሉ መጠኑንና ዓይነቱን ሊመዘግብ፣ በማያፈስ ዕቃ ጣሪያ ባለው ቤት ሊያኖር፣ ለልምምድ ከመርጨትም ሊቆጠብ ይገባል። አዲስ ሲገዛም ፍሎሪን የሌለበትን ይምረጥ፤ በአሮጌው ታንክ ውስጥ የቀረው ዝቃጭ አዲሱን እንዳይበክለውም ታንኩ አስቀድሞ ይጠብ፤ እጣቢውም ይጠራቀም።

በርሜል ውስጥ ያለ መርዝ ሊቆጠር፣ ሊታሸግና ሊጓጓዝ ይችላል። አንድ ጊዜ ጉድጓድ ውኃና ወተት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን መልሶ የሚሰበስበው ምድጃ የለም።