በገዛ ሕጉ የተሸነፈው ሚኒስትር

ምዕራብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1921 ያካሄደችው የክፍለ ግዛት ምርጫ መንግሥት አልለወጠም። 50 መቀመጫ ያለው የታችኛው ምክር ቤት ተመርጦ ሲያበቃ ጄምስ ሚቼል በጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው ቀጠሉ። ምርጫውን በታሪክ ያስቀመጠው የዌስት ፐርዝ ምርጫ ክልል ውጤት ነው።

የክፍለ ግዛቷ ሴቶች ከ1899 ጀምሮ ይመርጡ ነበር፤ መመረጥ ግን ለሃያ ዓመታት ተከልክሎባቸው ቆይቷል። ክልከላውን ያነሳው የ1920ው ሕግ ሲሆን፣ ረቂቁን ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ቶማስ ድራፐር ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ኢዲት ካወን የተባሉ የ59 ዓመት እናት ይህንኑ ሕግ ይዘው በድራፐር ወንበር ላይ ተወዳደሩ። ሁለቱም የአንድ ፓርቲ፣ የናሽናሊስት ሰዎች ነበሩ። ካወን በ46 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ፤ በመላው አውስትራሊያ የፓርላማ አባል የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴትም ሆኑ።

መራጩ እንግዳ ሰው አልመረጠም። ካወን ከ1915 ጀምሮ በሕፃናት ፍርድ ቤት አገልግለዋል፤ በ1916 የተከፈተው የፐርዝ የእናቶች ሆስፒታል እንዲቋቋምም ታግለዋል። ምክር ቤት ሲገቡም የያዙት አጀንዳ ከዚሁ ሥራ የተቀዳ ነበር። የባቡር መሥሪያ ቤቱ ከእናቶች ለልጅ ጋሪ የሚያስከፍለውን ክፍያ ተቃወሙ። ልጅ ሳይናዘዝ ሲሞት እናት ከአባት እኩል እንድትወርስ የሚያደርግ ሕግ አስጸደቁ። ትልቁ ውጤታቸው የ1923ቱ የሴቶች ሕጋዊ አቋም አዋጅ ነው፤ ሴት በጾታዋ ወይም በማግባቷ ምክንያት ከጥብቅናና ከሌሎች ሙያዎች እንዳትታገድ ደነገገ።

ድሉ ግን ሁሉን አላቀፈም። የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በዚያ ምርጫ ድምፅ አልነበረውም። የካወንም ወንበር አልጸናም። ከፓርቲያቸው አቋም ወጥተው ድምፅ የሚሰጡበት ጊዜ ስለነበር ከሁለቱም ወገን ወቀሳ አላጡም፤ በ1924ቱ ምርጫ ተሸነፉ፣ በ1927 ሞክረውም አልተመለሱም። በ1932 አረፉ።

የተከፈተው በር ግን አልተዘጋም። በ1925 ሜይ ሆልማን ከሌበር ፓርቲ ተመርጠው እዚያው ምክር ቤት ገቡ። ከ1995 ወዲህ ደግሞ የካወን ምስል በአውስትራሊያ የ50 ዶላር ኖት ላይ ይታያል። ድራፐርም ፖለቲካውን ትተው ዳኛ ሆኑ፤ ወንበራቸውን ያሳጣቸው ሕግ ግን ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ስማቸውን ያስጠራል።