የነጩ ኳስ ሊቃውንት

በ1985 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ የተነገረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በሂዩስተን ከተማ ሬድስ በተባለ የፑል ቤት ውድድር በተደረገ ጊዜ፣ ቄሳር ሞራሌስ ብሎ ስሙን ያስመዘገበ፣ በዚያ ካሉትም ብዙዎቹ በመልክ የማያውቁት አንድ የሩቅ ምሥራቅ ሰው ገብቶ፣ የአሜሪካን ስመ ጥር ተጫዋቾች ድል ነሥቶ ሽልማቱን ይዞ ሄደ። ይህ ፊሊፒናዊ በእውነተኛ ስሙ ኤፍሬን ሬየስ ይባላል፤ ስሙን መለወጡም ዝናው ከእሱ ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ስለ ነበረ፣ ማንነቱ የታወቀ እንደ ሆነ ደፍሮ የሚገጥመው ሰው እንዳያጣ በመሥጋት ነበር። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል፤ ፊሊፒናዊ ተጫዋች በስሙ ሳይሆን በአገሩ ብቻ የሚፈራበት ዘመንም የጀመረው ከዚያ ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፊሊፒንስ ከሰባት ሺህ በሚበልጡ ደሴቶች ላይ የተዘረጋች፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በእስፓኞች፣ ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአሜሪካውያን እጅ የቈየች አገር ናት። ቢሊያርድን ከእስፓኞች መማርዋን ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ጨዋታውን ቢልያር፣ መምቻውን ዘንግ ታኮ፣ ኳሶቹ የሚበተኑበትን የመጀመሪያ ምት ሳርጎ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ደግሞ (ቃሉ በእኛ ዘንድ ያለውን መራራ ትርጕም አንባቢ ለጊዜው ይርሳውና) ባንዳ ይሉታል። እኛም ከረንቡላ የሚለውን ስም ከጣልያኖች የተቀበልነው በዚሁ ዐይነት መንገድ ነው። ባለ ስድስት ቀዳዳው የፑል ጠረጴዛ ከአሜሪካውያን ጋር በተስፋፋ ጊዜም ሕዝቡ እንደ ሩቅ እንግዳ አላየውም፤ ፑያት የተባለ የአገሩ ቤተ ሰብም ጠረጴዛውን በአገር ውስጥ በመሥራት የታወቀ ሆነ።

ነገር ግን ጨዋታ መቀበል ሌላ፣ በተቀበሉት ጨዋታ መራቀቅ ሌላ ነው። የፊሊፒናውያን ብልጫ ምንጩ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሮቴሽን ተብሎ የሚጠራው የጨዋታ ዐይነት ነው። በሮቴሽን ከ1 እስከ 15 ቍጥር የተጻፈባቸው ኳሶች በጠረጴዛው ላይ ይበተናሉ፤ ተጫዋቹም በነጩ ኳስ አስቀድሞ መንካት የሚገባው በጠረጴዛው ላይ ከቀሩት ሁሉ ዝቅተኛ ቍጥር ያለውን ነው። ወደ ቀዳዳ የገባ ኳስ ሁሉ የተጻፈበትን ቍጥር ያህል ነጥብ ያስገኛል፤ ድምሩ 120 ስለሚሆንም 61 የደረሰ አሸናፊ ነው። በስምንት ኳስ ጨዋታ ተጫዋቹ ከሰባቱ ኳሶቹ መካከል የቀናውን መርጦ ይመታል፤ በሮቴሽን ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ 1 ቍጥር በወዲህ ጥግ፣ 2 ቍጥር በወዲያ ጥግ በሌሎች ኳሶች ተከብቦ ቢቆም እንኳ፣ ነጩ ኳስ በዚያ ሁሉ መካከል መንገድ ፈልጎ መድረስ ግድ ይሆንበታል። የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ እንደሚሉት፣ ኳሱ ወደ ቀዳዳው መግባቱ ሰሙ ነው፤ ተመልካችም የሚያጨበጭበው ለሰሙ ነው። ወርቁ ግን ነጩ ኳስ ከምቱ በኋላ ሄዶ የሚያርፍበት ስፍራ ነው፤ ይህን ለይቶ የማያይ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ቢመለከት የጨዋታው ምሥጢር አይገለጥለትም። ዓለም በብዛት የሚወዳደርበት የዘጠኝ ኳስ ጨዋታም የሚተዳደረው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ኳሶቹ ዘጠኝ ብቻ መሆናቸውና 9 ቍጥርን ያስገባ ማሸነፉ ነው። በአሥራ አምስቱ የበሰለ ሰው ዘጠኙ ሲቀርብለት፣ ዳዊት የደገመ ተማሪ ተመልሶ ፊደል ቍጠር እንደ ተባለ ያህል ይቀለዋል።

ኤፍሬን ሬየስ በ1954 ዓ.ም. በሉዞን ደሴት በፓምፓንጋ አውራጃ ተወለደ፤ አምስት ዓመት ሲሆነውም በማኒላ የፑል ቤት ወዳለው አጎቱ ዘንድ ተላከ። ቁመቱ ከጠረጴዛው ስላልደረሰ የለስላሳ መጠጥ ሣጥን እየጎተተ፣ በሣጥኑ ላይ እየቆመ ይጫወት ነበር፤ ሌሊትም እንግዶች ከወጡ በኋላ መኝታው ያው ጠረጴዛ ነበር። የቆሎ ተማሪ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ከትምህርቱ ጋር እንደሚያድር፣ ይህም ሕፃን ከጥበቡ ጋር ያድር ነበር ማለት ነው፤ ብቻ ለእርሱ የተመደበ መምህር አልነበረም፤ ትምህርቱ በዐይን ማየትና በእጅ መሞከር ነበር። በቤቱ ኤፍሬን የሚባል ሌላ ታላቅ ተጫዋች ስለ ነበረ፣ ከእርሱ ለመለየት ባታ፣ ማለት ልጁ፣ አሉት፤ ሽበት ካወጣም በኋላ አገሩ የሚጠራው ባታ እያለ ነው። ሌላው ዓለም ግን አስማተኛው ይለዋል።

ስለ ቁማሩ ዝም ብል ታሪኩን ማጉደል ይሆንብኛል። በማኒላ ፑል ቤቶች ያለ ገንዘብ የሚደረግ ግጥሚያ እንደ ጨዋታ አይቈጠርም ነበር፤ የሚያሲዘውም ብዙ ጊዜ ከዳር ተቀምጦ የሚመለከት ባለጸጋ ነው። ሁለቱ ተጋጣሚዎች በችሎታ እኩል ካልሆኑ የበረታው ለደካማው ፓርቲዳ የሚባል ብልጫ ይሰጠዋል፤ እንግዲህ የበረታው ሰው ኑሮውን የሚመራው ዘወትር ከኋላ ተነሥቶ በመቅደም ነው። ቁማርን ለማመስገን አልተነሣሁም፤ ስንት ትዳር እንደሚበትን የታወቀ ነው። ነገር ግን የሰውን ገንዘብ በትከሻው ተሸክሞ፣ ሙቀትና እርጥበት ባከበደው ጨርቅ ላይ እጁ ሳይንቀጠቀጥ መምታት የለመደ ሰው፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የንጹሕ ጠረጴዛ ውድድር ሲቀርብለት ዕረፍት መስሎ ቢታየው አያስደንቅም።

የዚህ ልምድ ፍሬ በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ በሬኖ ከተማ ታየ። ሬየስና አሜሪካዊው ኧርል ስትሪክላንድ እኩል ለእኩል ሆነው በመጨረሻው ዙር ሲፋለሙ፣ ሬየስ መምታት የሚገባው 5 ቍጥር ኳስ ከሌሎች ኳሶች ጀርባ ተሰወረበት። በዚህ ጊዜ ሌላ ተጫዋች ኳሱን ነክቶ ከጥፋት ለመዳን ብቻ ይጣጣር ነበር፤ ሬየስ ግን ነጩን ኳስ ከሁለት ጠርዞች አላግቶ 5 ቍጥርን አስገባ፤ ነጩ ኳስም ለቀጣዩ ምት በተመቸ ስፍራ ቆመለት፤ ግጥሚያውንም አሸነፈ። ይህስ የቅኔ ሰዎች ውስጠ ወይራ፣ ማለት ትርጕሙ በውስጥ የተሰወረ ቅኔ፣ የሚሉትን ያስታውሰኛል። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ በሆንግ ኮንግ ለ100,000 ዶላር ተጋጠሙ፤ አስቀድሞ 120 ዙር ያሸነፈ ይወስዳል ተብሎ ሦስት ቀን ከተጫወቱ በኋላ ሬየስ 120 ለ117 ረታ። በ1999 ዓ.ም. በካርዲፍ የዓለም የዘጠኝ ኳስ ሻምፒዮን፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የስምንት ኳስ ሻምፒዮን ሆነ።

የአገሩ ልጅ የፍራንሲስኮ ቡስታማንቴ ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል። በ2002 ዓ.ም. በካርዲፍ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሳለ ሕፃን ልጁ በአገር ቤት ሞተችበት፤ መርዶው ደርሶት ውድድሩን ሳይተው እስከ ፍጻሜው ግጥሚያ ደረሰ፤ በዚያም በስትሪክላንድ 17 ለ15 ተሸነፈ። ከስምንት ዓመት በኋላ በዶሃ ያንኑ ሻምፒዮና በእጁ አገባ። ሬየስና ቡስታማንቴ ከዚያ ቀደም በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የጥንድ ተጫዋቾች የዓለም ዋንጫ ለአገራቸው ወስደው ነበር።

የቀሩትን በስም ብቻ ልለፋቸው፤ አሌክስ ፓጉላያን በ2004፣ ሮናቶ አልካኖ በ2006 የዘጠኝ ኳስ፣ ዴኒስ ኦርኮዮ በ2011 የስምንት ኳስ የዓለም ሻምፒዮኖች ሆነዋል። የሴቶቹን ነገር መዘንጋት ግን ግፍ ነው፤ ሩቢለን አሚት በ2009ና በ2013 የአሥር ኳስ፣ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ በኒውዚላንድ የዘጠኝ ኳስ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን፣ ቼስካ ሴንቴኖ በ2023 የአሥር ኳሱን ማዕርግ አግኝታለች።

ዛሬ አውሮፓውያን ጨዋታውን በአሠልጣኝና በሥርዐት እየተማሩ መጥተዋልና፣ የማኒላ ፑል ቤት ያፈራው ዕውቀት ጊዜው አልፎበታል የሚሉ አልጠፉም። ለእነዚህ ሰዎች ግን ፊሊፒናዊው ካርሎ ቢያዶ መልስ ይሆናል፤ እርሱ በወጣትነቱ በጎልፍ ሜዳ የሰው ዕቃ ተሸካሚ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የዓለም የዘጠኝ ኳስ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሐምሌ 2025 ዓ.ም. በጅዳ ፌዶር ጎርስትን በፍጻሜው 15 ለ13 አሸንፎ ማዕርጉን ሁለተኛ ጊዜ ወሰደ፤ ከአገሩ ሰዎች ይህን ያደረገ ከእርሱ በፊት ማንም አልነበረም።