አዋሽ ፓርክ፦ የሰፈራችን ወንዝ የሚደርስበት ሜዳ

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ለዚህ እትም ርዕስ ሲከፋፈል «የዱር እንስሳት» የሚለው ለእኔ ደረሰኝ። ከመጻፌ በፊት የክፍሌን ልጆች «የዱር እንስሳ ማየት ብትፈልጉ የት ትሄዳላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አብዛኞቹ «ኬንያ» አሉኝ፤ አንዱ ደግሞ «ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ» አለኝ። በቴሌቪዥን የምናየው ዓይነት ሜዳ ከኮልፌ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት ቦታ እንዳለ ያነሳ አልነበረም። እኔም አክስቴ መተሐራ ስለምትኖር ነው የማውቀው። በሴሚስተር እረፍት ከእናቴ ጋር ሄደን፣ ከአክስቴ ጎረቤቶች ጋር ሚኒባስ ተከራይተን ገብተናል።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ወደ ጂቡቲ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በመተሐራና በአዋሽ ሰባት መካከል ነው፤ አፋርና ኦሮሚያ ክልሎች የሚገናኙበት አካባቢ ማለት ነው። የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን በ1961 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሆኗል። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ሙሉዋን ብትለካ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ፓርኩ ከከተማችን ይበልጣል ማለት ነው። ሜዳው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ቆላ ነው። ከኛ ደጋ ሹራብ ለብሶ የወጣ ሰው አዳማን ሳያልፍ ያወልቀዋል።

በጂኦግራፊ ትምህርት ሳቫና የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው። ሣር የበዛበት፣ ግራር እዚህም እዚያም የቆመበት፣ ዝናቡ አጭር በጋው ረጅም የሆነ ምድር። ከዋናው መንገድ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ሜዳ ኢላላ ሳላ ይባላል። ሳላ ደግሞ የእንስሳው ስም ነው። ምን ልበላችሁ፣ በጣም የሚያምር እንስሳ ነው። ቁመቱ ፈረስ ያክላል ብል ብዙም አላጋነንኩም፤ አካሉ ግራጫ፣ ፊቱ ነጭና ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል። ቀንዶቹ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ናቸው። ሴቷም ወንዱም ቀንድ ስላላቸው ከሩቅ መለየት ያስቸግራል። በጎን በኩል ሲቆም ሁለቱ ቀንዶች አንድ ላይ ይገጥሙና ባለ አንድ ቀንድ ይመስላል።

የገረመኝ ግን ውሃ አጠቃቀሙ ነው። ሳላ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን ይቆያል። እኛ ሲሞቀን ቶሎ ያልበናል፤ ላብ ማለት ደግሞ የሚጠፋ ውሃ ነው። ሳላ ግን የሰውነቱ ሙቀት በጣም ከፍ እስኪል ድረስ ላቡን ይይዛል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን ያስወጣዋል። ከሚበላው ቅጠልና ሥርም ውሃ ያገኛል። እንደኛ ጀሪካን ይዞ ቦኖ ጋ መሰለፍ የለበትም።

ከሳላ ሌላ የሜዳ ፍየል፣ አጋዘን፣ አምባራይሌ፣ ከርከሮና እንሹ አሉ። እንሹ ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ ሚዳቋ ነች፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ነው የሚታዩት፤ አንዷን ካያችሁ ቁጥቋጦው ውስጥ ሁለተኛዋን ፈልጉ። ከርከሮ ሣር ሲግጥ የፊት ጉልበቱን ያንበረክካል። አንበሳ፣ ነብርና ጅብም አሉ፤ ግን ቀን ቀን መደበቅ ስለሚያውቁ እኛ አላየንም። ዝሆንና ቀጭኔ ለማየት ወደ አዋሽ አትሂዱ፣ የሉም። የሜዳ አህያ የሚፈልግ ደግሞ ከፓርኩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወዳለው አላይደጌ ሜዳ መዝለቅ አለበት።

ዝንጀሮዎቹ ለብቻቸው ታሪክ ናቸው። አዋሽ ላይ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ ይገናኛል። አንዱ አኑቢስ የሚባለው ነው፤ ወንዝ ዳር ካሉት ዛፎች አይርቅም፣ በትልልቅ መንጋ ይኖራል። ሁለተኛው ሐማድርያስ ይባላል፤ የበረሃ ዝንጀሮ ነው፤ ወንዱ ትከሻው ላይ ጋቢ የደረበ የመሰለ ግራጫ ጎፈር አለው፣ ሌሊት ገደል ላይ ነው የሚያድረው። የሐማድርያሱ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይጠብቃል፤ ወጣ ያለችውን አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። (እህቴ ይህን ስነግራት ተናደደች።) ሁለቱ በሚገናኙበት በወንዙ ሸለቆ እየተዳቀሉ ይወልዳሉ። ሳይንቲስቶች ይህን ለማጥናት ከውጭ አገር ድረስ እየመጡ ብዙ ዓመት ቆይተዋል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ፓርኩ ውስጥ ጎብኚ ሁሉ የሚሄድበት ፏፏቴ አለ። የአዋሽ ወንዝ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተከፋፍሎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ከታች ድንጋይ ላይ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጉማሬም ወንዙ ውስጥ አለ። እዚያ ቆመን ሳለ አብረውን የነበሩትን ስካውት «ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳቸው። እሳቸውም «አንተስ ልጄ ከየት ነው የመጣኸው?» አሉኝ። «ከኮልፌ» ስላቸው ሳቁና «እንግዲያው አብራችሁ ነው የመጣችሁት» አሉኝ።

እንዴት መሰላችሁ። የአዋሽ ወንዝ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ነው። የኛ ክፍለ ከተማ ወንዞች ደግሞ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ። ትንሹ አቃቂ በከተማው ምዕራብ አልፎ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኝና ወደ አዋሽ ይፈስሳል። ከዚያ ቆቃ ግድብ፣ ከዚያ ወንጂ፣ ከዚያ መተሐራ፣ ከዚያ ፓርኩ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ባሕር ስለማይገባ የተሸከመውን ሁሉ ይዞ እዚያው በረሃ ውስጥ ነው የሚያበቃው።

እናንተም ድልድይ ስታቋርጡ አፍንጫችሁን የምትይዙበትን ውሃ ታውቁታላችሁ። ጠዋት አንድ ዓይነት ከሰዓት ሌላ ዓይነት ቀለም ያለው ቀን አለ። የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚለቀቅበት፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ውሃ ነው። በእርግጥ ቆቃ ሐይቅ መሀል ላይ ስላለ ደለሉንና ፕላስቲኩን ብዙውን ያስቀረዋል። ውሃ ውስጥ የሟሟ ኬሚካል ግን ግድብ አያግደውም፤ መንገድ ላይም የሌሎች ከተሞችና ፋብሪካዎች ፍሳሽ ይጨመርበታል። አዞውና ጉማሬው የሚኖሩበት፣ ከብት የሚጠጣው፣ የሰውም ማሳ የሚጠጣው ይሄው ወንዝ ነው። እኔ በበኩሌ ከፏፏቴው ይልቅ ይሄ ነገር ነው አእምሮዬ ውስጥ የቀረው።

ሌላው ከኛ ጋር የሚያገናኘው መንገዱ ነው። የጂቡቲ አስፋልት ፓርኩን ለሁለት ይከፍለዋል። የምንጠቀመው ነዳጅ፣ የምንለብሰው ልብስ፣ የምንጽፍበት ወረቀት ጭምር በዚያ ያልፋል። አጎቴ በዚያ መስመር ተሳቢ ይነዳል። «ሌሊት ዓይናቸው በመብራት ያበራል፤ ግን ከርከሮና ጅብ ድንገት ነው የሚገቡብህ፣ ፍሬን ብትይዝ ደግሞ ተሳቢው ይገለበጣል» ይላል። ስለዚህ ፓርኩ ጋ ሲደርስ ቀድሞ ፍጥነት ይቀንሳል። የማይቀንሱ ብዙ ናቸው፤ እኛም ስናልፍ መንገድ ዳር የሞተ ከርከሮ አይተናል።

አንዳንድ ሰው «አርብቶ አደሮቹ ፓርኩን አበላሹት» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይመስለኝም። ከረዩዎች፣ ኢቱዎችና አፋሮች ፓርኩ ከመከለሉ በፊት ከብትና ግመላቸውን እዚያ ያሰማሩ ነበር። በዚያው ዘመን ወንዝ ዳር ያለው ጥሩ መሬት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ሆነ፤ የቀረው ደግሞ ፓርክ ተባለ። ድርቅ ሲመጣ ከብቱን ይዘው የት ይሂዱ? በሌላ በኩል ከብት በበዛ ቁጥር ለሳላ የሚተርፈው ሣር ያንሳል። ስካውቶቹ ከሁለቱ መሀል ነው የሚውሉት። አክስቴ እንደምትለው ግማሾቹ ስካውቶች የራሳቸው ዘመዶች ከብት ነው የሚመልሱት።

ከዋናው መንገድ በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራ አለ፤ 2007 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው፤ አናቱ ላይ ትልቅ ጎድጓዳ አለ። በ2017 ዓ.ም. ሌሊት አልጋችንን ሲያነቃንቅ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳው ከዚያ አካባቢ ነው። እኛ ፎቅ ላይ ያለነው በድንጋጤ ወጥተን ገባን፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ግን ቤታቸው ፈርሶ፣ መሬቱ ተሰንጥቆ ከቀያቸው ተነስተዋል። ከፓርኩ ሰሜን ጫፍ ደግሞ ፍልውሃ አለ፤ ዘንባባ የከበበው ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ነው። ሙቀቱም የሚመጣው ከዚያው ከመሬት ውስጥ ካለው እሳት ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት እንስሳቱ ይታያሉ፣ ከዚያ ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ይገባሉ፤ ማታ 10 ሰዓት አካባቢ ደግሞ ይወጣሉ። በር ላይ ተከፍሎ ስካውት ይመደባል። ከመኪና ያለ ፈቃድ አይወረድም፣ ጡሩምባ አይነፋም፣ ለዝንጀሮ ምግብ አይሰጥም፤ አንዴ ዳቦ የቀመሰ ዝንጀሮ በመስኮት ይገባል። ኮፍያና ውሃ አትርሱ። መነጽር ያለው ሰው ካወቃችሁ ለምኑት፤ ምክንያቱም ከ450 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። እባብን በእግሩ ረግጦ የሚገድል ጸሐፊ ወፍ አለ። ኮሪ የሚባለው ደግሞ ከሚበሩ ወፎች ሁሉ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ሣር ውስጥ ቀስ እያለ ሲሄድ ቀይ ንብ በል ወፍ ጀርባው ላይ ፊጥ ትላለች። እሱ ሲራመድ ፌንጣው ይነሳል፤ እሷ ብድግ ብላ ትይዝና ተመልሳ እዚያው ትቀመጣለች።