ሥዕል ለሚገዛ ነጋዴ፤ በአዲስ አበባ የሥዕል ማሳያዎች የተደረገ ጉብኝት

ነጋዴ ቡና ሲገዛ ይቀምሳል፤ ጨርቅ ሲገዛ በጣቱ ያሻል፤ ቆዳ ሲገዛ ከብርሃን ፊት ዘርግቶ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ሥዕል የሚገዛ ጊዜ ግን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከደጅ ጥሎ፣ ሻጩ የነገረውን አምኖና ከፍሎ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከእነዚህ አንዱ እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ይናገራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ አገር ላለ የንግድ ወዳጄ ስጦታ ይሆን ዘንድ፣ ከአንድ የስጦታ ዕቃ መደብር በብራና ላይ የተሣለ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ገዛሁ። ሻጩ «የጎንደር ዘመን ነው» ብሎ ማለልኝ፤ እኔም ሳልከራከር ከፈልሁ። በደረሰኙ ላይ ግን «አንድ ሥዕል» ከሚል በቀር ሌላ ቃል አልተጻፈም ነበር። ሥዕሉ በአውሮፕላን ጣቢያ በፍተሻ ተያዘ። በባለሙያ ሲመረመርም ብራናው በጭስ እንዲጠቁር የተደረገ፣ ቀለሙም የቅርብ ጊዜ መሆኑ ተገለጠ። ነገሩን በነጋዴ ሚዛን መዘንሁት፤ ሥዕሉ በእውነት ጥንታዊ ቢሆን ኖሮ ያለ ፈቃድ ላወጣው በመሞከሬ ሕግ ተላላፊ በሆንሁ ነበር፤ አዲስ በመሆኑ ደግሞ ተታለልሁ። በሁለቱም መንገድ ኪሳራ ነው።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ሥዕል ወደ ውጭ የሚልክ ሰው አዲስም ቢሆን አስቀድሞ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ ማረጋገጫ ቢይዝ ከብዙ ውጣ ውረድ ይድናል።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ለማስተማር ቆረጥሁ። ዓይን የሚማረው በማየት ነውና አንባቢም ከመግዛቱ በፊት ቢዞር ይጠቀማል። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይዞ ይታያል፤ አዳራሹም ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ። በመካኒሳ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ይገኛል። ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመራቂዎቹን ሥራ ለሕዝብ ያሳያል፤ የነገን ታላቅ ሠዓሊ ስሙ ገና ሳይወጣ ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደዚያ ይሂድ።

የእኛን ሥዕል ዋጋ ከእኛ ይልቅ የውጭ ሰዎች ቀድመው ማወቃቸው የሚያሳዝን ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ክፍሎች እየደረደሩ ይሥሉ የነበሩ የቀድሞ ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ገዢዎቻቸው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የእስክንድር ቦጎሲያን አንድ ሥዕል፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የሣለው፣ ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በስንቶቻችን ቢሮ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ የታተመ የተራራ ሥዕል ተሰቅሎ እናያለን!

ስለ ዋጋም ጥቂት እንበል። ማሳያ ቤቱ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ የሚይዘው በአደራ ነው፤ ሲሸጥ የራሱን ድርሻ አስቀርቶ የቀረውን ለሠዓሊው ይከፍላል። ድርሻው በብዙ አገር ልማድ ከሲሶ እስከ እኩሌታ ይደርሳል። ስለዚህ ገዢው ዋጋውን ከልክ በላይ ሲያስቀንስ፣ የሚጎዳው ባለ ሱቁ ብቻ ሳይሆን ሸራና ቀለም በውድ ዋጋ የሚገዛው ሠዓሊ ጭምር መሆኑን ያስብ። ደረሰኙም የሠዓሊውን ስም፣ የሥዕሉን ርእስ፣ የተሣለበትን ዓመት፣ መጠኑንና የቀለሙን ዓይነት ሊዘረዝር ይገባል። ይህን ለመጻፍ እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠመ፣ መልሱ በእምቢታው ውስጥ ነው።

ሌላም ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ሥዕሉን የገዛ ሰው የማባዛት መብቱን አልገዛም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ይህ መብት የሠዓሊው ሲሆን፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። እንግዲህ በቢሮው የሰቀለውን ሥዕል ለአዲስ ዓመት ቀን መቁጠሪያ ማሳተም የሚፈልግ ነጋዴ አስቀድሞ ከሠዓሊው ጋር በጽሑፍ ይዋዋል።

ላኪዎችም ይህን ያስታውሱ፤ ሸራ መጠቅለል ካስፈለገ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በሰፊ ቱቦ ላይ ይጠቀለል፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨምቆ ይሰነጠቃል። የተሰቀለም ሥዕል በቀጥታ ፀሐይ ሊመታው አይገባም።

እኔም በኋላ በቅርቡ ከተመረቀ ወጣት የገዛሁት የገበያ ሥዕል በቢሮዬ ተሰቅሏል። ሠዓሊው ስሙንና ዓመቱን በግልጽ ጽፎበታል፤ ጎንደር ነው ብሎ የማለልኝ ግን የለም። እንግዳ ሲመጣ ከማናቸውም ሸቀጤ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ እርሱ ነው።